የፀሐይ ሹሟ እትዬ ፑ

ማንም ያልሾማት፣ ማንም የማይሽራት አንዲት ሴትዮ የሌለችበት ግቢ በዓለም ላይ የለም። አንዱ ግቢ ውስጥ የቧንቧው አለቃ ናት፣ ሌላው ጋ የበሩ፣ ሌላው ጋ የሰው ትዳር። ማን መቼ እንደገባ፣ ምን አንጠልጥሎ እንደገባ፣ ሲገባ ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር ታውቃለች። ደሞዝ የላትም። ማኅተም የላትም። ግን እሷ ሳትፈቅድ ድመት እንኳ አትወልድም።

ቻይና ውስጥ፣ ያአን ከተማ ያለችው ደግሞ ከሁሉም ትብሳለች። እሷ የያዘችው ሥልጣን የፀሐይን ነው።

የሚስቅ ካለ ያአንን አያውቃትም ማለት ነው። ያአን ይዘንባል። ክረምት አለው፣ ዝናብ ይበዛዋል ማለት አይደለም፤ ዝናቡ ነዋሪ ነው፣ እኛ ነን እንግዶቹ። ድሮ ሰማይ ተቀዶ ነበር፣ አንዲት እናት በድንጋይ ስትደፍን ስትደፍን ያአን ላይ ስትደርስ ድንጋዩ አለቀባት ይላሉ አገሬዎቹ። ጨው ዕቃው ውስጥ ያለቅሳል። ቁም ሳጥን ውስጥ የተረሳ ጫማ አረንጓዴ ጢም ያወጣል። በብርዱ ወራት የጥጥ ብርድ ልብስ ውስጥ መግባት ማለት ከወንዝ የወጣ ውሻ አቅፎ እንደመተኛት ነው። እና ፀሐይ ብቅ ስትል ከተማው ሥራ ይፈታል። ሐኪሙም፣ አስተማሪውም፣ አዲሷ ሙሽራም ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ይወርዳል።

ሰው ብዙ፣ ብርድ ልብስ ብዙ፣ ገመዱ ግን ትንሽ። ክብርት እትዬ ፑ የሚመጡት እዚህ ጋ ነው።

ግቢው የዩኒቨርሲቲው የድሮ አስተማሪዎች መኖሪያ ነው። ሊፍት የሌላቸው አሮጌ ፎቆች ዙሪያውን ቆመው መሀል ላይ ሜዳ አለ። ሜዳው ላይ መንግሥት ለሽማግሌዎች ብሎ የተከላቸው የስፖርት ብረቶች አሉ። በነዚህ ብረቶች ስፖርት የሠራ ሰው ታይቶ አይታወቅም። መንጠልጠያውም፣ መወዛወዣውም፣ ሁለቱ ትይዩ ብረቶችም ብርድ ልብስ ማስጫ ናቸው። እትዬ ፑ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበሩ። ከአውቶቡሱ ከወረዱ ዘመን አልፏል፣ ድምፃቸው ግን አልወረደም።

«ጠጋ በሉ! ጠጋ ጠጋ! ፀሐይ ለሁሉም ትበቃለች!»

ይሄ ነው የግቢው መዝሙር። አጭር ናቸው፣ ፀጉራቸው እንደ ጎመን የተጠቀለለ ነው፣ እጃቸው ላይ ሁሌ ብርድ ልብስ መደብደቢያ ዘንግ አለ። ሕጋቸው ደግሞ እንደ ኦሪት የጠና ነው። አራስ ያለበት ቤት መሀሉን ይወስዳል። ቁርጥማት ያለበት ከሱ ቀጥሎ። ጎረምሳ ዳር ዳሩን፣ «ደሙ ያሙቀው!» እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ይገለበጣል። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ይገባል፣ ምክንያቱም ከዘጠኝ በኋላ ብርድ ልብሱ የጠጣውን ፀሐይ መልሶ ይተፋል። ይሄን የሚጠራጠር ካለ እትዬ ፑ ፊት ይጠራጠርና ያየዋል።

ምንትዋብ እዚህ ግቢ የመጣችው የውጭ ተማሪዎች ማደሪያ ሞልቶ ነው። የድሬዳዋ ልጅ ናት። የመጣችው ስለ ሻይ ቅጠል ልትማር ነው፣ የሻይ ቅጠሉ ግን ብዙ አላስቸገራትም። ያስቸገራት ፀሐይ ናት። ድሬ ላይ ፀሐይ ጠላት ናት፤ ሰው ከጥላ ወደ ጥላ እየዘለለ ነው የከዚራን ሰፈር የሚያቋርጠው። ፀሐይ ናፍቃው የሚሮጥ ሰው ድሬ ውስጥ ቢታይ ዘመዶቹ ይጠሩለታል።

የመጀመሪያዋ ፀሐይ የወጣች ዕለት ጠዋት ተኝታ ነበር። ድንገት ከላይ ፎቅ በር በቡጢ ሲደበደብ ሰማች። ቀጥሎ ሌላ በር። ቀጥሎ ሩጫ፣ ጩኸት፣ ደረጃው ሲንቀጠቀጥ። ዩኒቨርሲቲው ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ትምህርት ከሰጣቸው ገና ሳምንቱ ነበር። ፓስፖርቷን ይዛ፣ አንድ እግሯ ላይ ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ በሌሊት ልብሷ ወርዳ ሜዳው መሀል ቁጢጥ አለችና ራሷን በሁለት እጇ ሸፈነች። በተማረችው መሠረት ማለት ነው።

ቀና ስትል ግቢው በሙሉ ቆሞ ያያታል። ሁሉም ብርድ ልብስ ተሸክሟል። «እነዚህ ሰዎች ከሞት የሚያድኑት አልጋቸውን ነው እንዴ?» ብላ ገረማት።

አንዲት አጭር ሴትዮ ሰውን በዘንጋቸው እየገፉ መጡ።

«ሚንሚን!» አሉ። ምንትዋብ የሚለው አፋቸው ላይ አልዞር ስላለ በመጣች ማግስት ሚንሚን ብለዋታል። «ምነው መሬት ላይ? አንቺ እኮ እንግዳ ነሽ። ተቀመጪ!»

ከየት እንደመጣ ያልታወቀ የቀርከሃ ወንበር ቂጧ ሥር ገባ። ፍል ውሃ በኩባያ እጇ ላይ ተቀመጠ። እትዬ ፑ ራሳቸው ወጥተው የሷን ብርድ ልብስ ተሸክመው አመጡና፣ ትይዩ ብረቶቹ ላይ፣ ፀሐይ ሳትቆም በማትሄድበት ቦታ፣ የአራሷን ብርድ ልብስ ገፋ አድርገው አሰጡላት። አራሷ ፈገግ አለች።

የዚያን ቀን ምንትዋብ ለእናቷ ደወለች። «እማዬ፣ እንደ ንግሥት ነው የያዙኝ!»

እስከዚህ ጥሩ ነበር።

በነጋታው አልዘነበም፣ እሷም ወንበሯ ላይ ሆና ግቢውን ማየት ጀመረች። የቻይና ሰው በሩን ዘግቶ ይኖራል፣ ፀሐይ ስትወጣ ግን ጓዳውን ገመድ ላይ ነው የሚያወጣው። ይሄ ገረማት። የማን አንሶላ እንደተቀደደ፣ የማን የውስጥ ሱሪ የጥንት እንደሆነ ሁሉም ያያል፣ ማንም አያፍርም። እትዬ ፑ ደግሞ ከማየትም ያልፋሉ። «ብርድ ልብስ አይዋሽም» ይሉና የእያንዳንዱን ጫፍ አንስተው ያሸታሉ።

«ዶክተር፣ ሲጋራ ተውኩ አልክ?»

«ከተውኩ ቆየሁ እትዬ።»

«ብርድ ልብስህ ግን አልተወም። አንቺ ሙሽሪት፣ ተጣልታችኋል? ይሄ ጥጥ በአንድ ወገን ብቻ ነው የተኛው። ዛሬ ታረቂው፣ ጥጡ ይበላሻል!»

ሙሽሪት እስከ ጆሮዋ ቀላች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ዘንጉ የምንትዋብ ብርድ ልብስ ላይ አረፈ። ዷ! ሲል የብስኩት ፍርፋሪ እንደ በረዶ ወረደ። ምንትዋብ ስድቧን ለመቀበል ተዘጋጀች። እትዬ ፑ ፍርፋሪውን አዩት። ጫፉን አሸተቱት።

«ጥሩ ነው» አሉ። «በጣም ጥሩ ነው።» ብለው አለፉ።

ምንትዋብን ያኔ አንድ ነገር ልቧን ነካ አደረጋት፣ ግን ምን እንደሆነ አላወቀችውም።

በስንተኛው ፀሐይ ላይ እንደገባት እንጃ፣ ብቻ የገባት በጋሽ ሉኦ ምክንያት ነው። ጋሽ ሉኦ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ አስተማሪ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ዓለማቸው ቋሊማ ነው። የአሮጌው ዓመት የመጨረሻ ወር ሲገባ የአሳማ ሥጋ ከበርበሬና አፍ ከሚያደነዝዘው ቅመማቸው ጋር ጠቅጥቀው፣ በቀርከሃ ዘንግ ላይ ደርድረው ፀሐይ ላይ ያንጠለጥሉታል። ያዩዋቸው እንደሆነ እያንዳንዷን በስም የሚጠሯት ይመስላሉ። ምንትዋብ በቋሊማው አጠገብ ስታልፍ ትንፋሿን ይዛ በዳር ነበር የምትዞረው። እናቷ አሳማ አጠገብ ቆመች ብለው ቢነግሯት ጸበል በፖስታ ነበር የምትልክላት።

«ሉኦ! ይሄ ቋሊማህ ብርድ ልብሱ ላይ እየተነፈሰ ነው!» ይላሉ እትዬ ፑ።

«ታዲያ ብርድ ልብሱ አይነሳም? ሥጋዬ መንጃ ፈቃድ የለው፣ ወዴት ይሂድ?»

«አንተ ሽማግሌ፣ ሌሊት የዶክተሩ ሚስት እራት እራት እየሸተታት አልተኛችም!»

«በልታ አትተኛም? ለሷም እኔ ላብስላት?»

«ጠጋ በል አልኩህ! ጠጋ!»

«አንቺ ሴትዮ አውቶቡስ ውስጥ አይደለሽም እኮ!»

ጋሽ ሉኦ እንዲህ እያሉ ዘንጋቸውን ይዘው ወደ ጥጉ፣ ከፎቁ ላይ ውሃ የሚወርድበት ቱቦ ሥር ይሄዳሉ። እዚያ ፀሐይዋ እንደ ባለሥልጣን ብቅ ብላ ነው የምትመለሰው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን እትዬ ፑ ሁለቱን ወፍራም ቋሊማ መርጠው ወስደው ሲሄዱ፣ ጋሽ ሉኦ «ሌባ!» እያሉ ሲስቁ ምንትዋብ አየች። ማንም አላመሰገነ፣ ማንም ይቅርታ አልጠየቀ።

እሷ ግን የዚያን ዕለት ብቻ ስንቴ አመስግና ነበር። ወንበር ሲያመጡላት አመሰገነች፣ «ምንም አይደለም» አሏት። ውሃ ሲሰጧት አመሰገነች፣ «ምንም አይደለም»። ምስጋናና ምንም አይደለም እንደ ፒንግ ፖንግ ኳስ ሲመላለስ ነው የዋለው። ብርድ ልብስ ልትገለብጥ ስትነሳ አሥር እጅ «አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ተቀመጪ!» ብሎ መለሳት። ጎረምሳ ሆና ሳለ፣ በሕጉ መሠረት ዳር ላይ መሆን ሲገባት፣ አንድም ቀን ዳር አልወጣችም።

የድሬ ልጅ ደግሞ አንድ ነገር ያውቃል። ድሬ ውስጥ የማይሰድብህ ሰው የማያውቅህ ሰው ነው። እዚያ «አንተ!» ካልተባልክ፣ ካልተተረብክ፣ ራስህን ካልነካኩህ ገና ከባቡር የወረድክ ነህ።

ደወለች። «እማዬ...»

«ምነው ድምፅሽ? ሰዎቹ አስከፉሽ?»

«ያከብሩኛል።»

«ታዲያ ምን አነሰሽ?»

«እማዬ፣ ያከብሩኛል እኮ ነው የምልሽ!»

እናቷ የድሬ ሴት ናትና ገባት። «ውይ ልጄን» አለች።

ምንትዋብ ቡፌ ውስጥ የተደረደረ ብርጭቆ ሆናለች። አቧራው ይጠረግለታል፣ እንግዳ ሲመጣ ይታያል፣ ውሃ ግን ማንም አይጠጣበትም። ቆጥራ ስታየው ደግሞ የትምህርቷ ጊዜ ገና ብዙ ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ቡፌ ውስጥ መቆም ሞት መሰላት። ስለዚህ ቆርጣ ተነሳች። መሰደብ አለባት።

መጀመሪያ ብርድ ልብሷን ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ተወችው። መስኮቷ ሥር ቆማ ጩኸቱን ጠበቀች። በሯ በአንድ ጣት ተንኳኳ፤ የሌላው ሰው በር በቡጢ ነው፣ የሷ ግን ሁሌ በአንድ ጣት። እትዬ ፑ ብርድ ልብሷን አጥፈው፣ ላዩ ላይ መንደሪን አድርገው ቆመዋል። «ጥናት በዝቶብሽ ነው» አሏት።

ቀጥሎ የሚንጠባጠብ ጂንስ ሱሪ ከሙሽሪት ብርድ ልብስ በላይ ሰቀለች። ሙሽሪት መጥታ የራሷን ብርድ ልብስ አነሳችና «ይቅርታ ሚንሚን፣ ቦታ አጣበብኩብሽ» አለቻት።

በመጨረሻ ያደረገችውን ለማንም አውርታው አታውቅም። ጫማዋን፣ የላብራቶሪ ጭቃ ያለበትን፣ ከዶክተሩ ትራስ አጠገብ አስቀመጠችው። ግቢው በሙሉ ዞሮ አየ። ጋሽ ሉኦ እንኳ ከቋሊማቸው ቀና አሉ። እትዬ ፑ ጫማውን አዩ፣ ትራሱን አዩ፣ ከዚያ ሰውን ሰብሰብ አድርገው በሹክሹክታ ተናገሩ። የሳቸው ሹክሹክታ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ይሰማል።

«እንዳትናገሯት! ባህላቸው ነው!»

ምንትዋብ ወጥታ አልጋዋ ላይ ተደፋች። ለሷ ቢሆን አንድ ነገር ነው፣ አሁን ድሬዳዋንም ይዛት ወረደች።

ከዚያ የእትዬ ፑ ልጅ የያላን ሰርግ ደረሰ።

ለሰርግ የሙሽራ ብርድ ልብስ ይሰፋል። ቀይ ሐር፣ ጥንድ ወፍ የተጠለፈበት፣ ውስጡ አዲስ ጥጥ። እትዬ ፑ ራሳቸው ሰፉት፣ ግን ከሰርጉ በፊት ፀሐይ ካልጠጣ ትዳሩ ይቀዘቅዛል ብለው ፈሩ። ያአን ደግሞ የፈሩትን ያውቃል። ዘነበ። ነጋ ዘነበ፣ መሸ ዘነበ። ትኬት ቆራጯ መስኮት ላይ ቆመው ሰማዩን በዘንግ ሲያስፈራሩ ታዩ። ሰርጉ ከነገ ወዲያ ሊሆን ጠዋት ፀሐይ ወጣች።

የዚያን ቀን ሕግ አልሠራም። ቀዩ ብርድ ልብስ ትይዩ ብረቶቹ ላይ ብቻውን ተሰጣ፤ ሌላው ሁሉ በዙሪያው እንደ አጃቢ ተደረደረ። እትዬ ፑ ከአጠገቡ አልንቀሳቀስም ብለው ሳለ ያላን ከምግብ ቤቱ ደወለች። ከሰርጉ ጠረጴዛ ግማሹን ለሌላ ሰርግ ሰጥተውታል።

«ምን?» አሉ። ከዛፉ ላይ ወፍ ተነሳ። «እዚያው ቁሚ! መጣሁ! ሉኦ፣ ይሄን ብርድ ልብስ እንደ አይንህ ጠብቅ!»

«ሂጂ ሂጂ፣ እኔ አለሁ።»

ምንትዋብ ተነሳች። «እትዬ ፑ፣ እኔም ልጠብቅ...»

«አንቺ እንግዳ ነሽ። ተቀመጪ!» ብለው ሮጡ።

ተቀመጠች። ሰው እኩለ ቀን ላይ ገልብጦ ለምሳ ገባ። ጋሽ ሉኦ እንደ አይናቸው ለመጠበቅ አይናቸውን ጨፈኑ፣ አፋቸው ተከፈተ፣ ማንኮራፋት ጀመሩ። ምንትዋብ ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ስታርፍ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከፀሐይ አልሸሽም አለች። ደስ አላት።

ከዚያ ከተራራው ጀርባ ጨለም ያለ ነገር ብቅ አለ። የያአን ደመና እንደ ሌባ ነው፣ ድምፅ የለውም። አንድ ጠብታ እጇ ላይ ጠብ አለ።

ቀዩን ብርድ ልብስ አየች። ፎቆቹን አየች። የክፍል ውስጥ ቻይንኛዋ ከአፏ ጠፋ፣ የወጣው ወንበሯ ላይ ተቀምጣ የሰማችው ነው።

«ዝናብ መጣ! ውረዱ! ጠጋ በሉ! ጠጋ ጠጋ!»

ማን ወዴት እንደሚጠጋ እሷም አታውቅም። ግን ያንን ቃል ግቢው ያውቀዋል። መስኮት ተከፈተ፣ በር ተከፈተ። ሰው እስኪወርድ እሷ ሮጣለች። መጀመሪያ የአራሷን፣ ከዚያ የቁርጥማቱን፣ ሕጉ በቃሏ ነው። ወደ ብስክሌት መጠለያው እየወሰደች አሮጌው ጠረጴዛ ላይ ትከምራለች። የዶክተሩን፣ የሙሽሪትን። ቀዩን በመጨረሻ፣ እንዳይጨማደድ ብላ ከሁሉም በላይ፣ እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ይዛ አስተኛችው። ዝናቡ ለቀቀው። የራሷ ብርድ ልብስ ሜዳው ላይ ቀርቶ ውሃ ይጠጣል፣ እሱን ረስታዋለች።

«ቋሊማዬ!» አሉ ጋሽ ሉኦ፤ ነቅተው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ መነሳት አቅቷቸው። «ሚንሚን! ልጄ! ቋሊማዬ!»

ምንትዋብ አንዴ ወደ ሰማይ አየች። እናቷን ይቅርታ ጠየቀች። ከዚያ ዘንጉን ከነቋሊማው አቅፋ፣ ስቡ በአንገቷ እየወረደ፣ ሮጣ መጠለያው ጨለማ ውስጥ ከፊቷ ያገኘችው ክምር ላይ ወረወረችው።

ከሁሉም በላይ የነበረው የትኛው እንደሆነ የታወሳት እጇን ሱሪዋ ላይ ስትጠርግ ነው።

እትዬ ፑ የተመለሱት ያኔ ነው። ርሰዋል። ግቢው በሙሉ መጠለያው ውስጥ ታጭቋል። ባዶውን ገመድ አዩ፣ ክምሩን አዩ፣ ፊታቸው በራ። «ማነው ያስገባው?»

ሰው ሁሉ ወደ ምንትዋብ ጠቆመ።

«የኛ እንግዳ!» አሉ እትዬ ፑ። «እኔ እኮ...» ብለው ቋሊማውን አዩ። ቋሊማው ሥር ቀዩን አዩ። ዘንጉን አነሱት። ከተጠለፉት ወፎች አንዷ ሆዷ ላይ የበርበሬ ስብ፣ የመዳፍ ያክል፣ ይብረቀረቃል።

ምንትዋብ የእትዬ ፑን ፊት አየች። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። የሚመጣውን ታውቀዋለች፤ ስንቴ ሰምታዋለች። «ምንም አይደለም» ሊሏት ነው። ይሄን ካበላሸች በኋላ «ምንም አይደለም» ካሏት ደግሞ አለቀ። ቡፌው ተቆለፈ፣ ቁልፉም ወንዝ ገባ ማለት ነው።

«ምንም አይ...» አሉ እትዬ ፑ።

ቃሉን ሳይጨርሱ ዋጡት። ፊታቸው ከብርድ ልብሱ በላይ ቀላ።

«አይንሽ የት ነበር?!» አሉ። የመጠለያው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። «ቋሊማ! በሙሽራ ብርድ ልብስ ላይ ቋሊማ! ልጄን ልድራት ነው ወይስ ልጠብሳት? ያን ሁሉ ሌሊት የሰፋሁት ለሉኦ አሳማ ነው? ጭንቅላትሽ ውስጥ ያለው ምንድነው፣ የብስኩት ፍርፋሪ? ደግሞ አልጋ ላይ ብስኩት እንደምትበይ የማላውቅ እንዳይመስልሽ! ብርድ ልብስሽ እንደ ዳቦ ቤት ነው የሚሸተው! ጫማሽንስ፣ ጫማ ትራስ ላይ የሚያወጣ ምን ዓይነት ሰው ነው? ባህል ነው ብዬ ስንት ቀን ሆዴ አረረ!»

ጋሽ ሉኦ ደነገጡ። «ኧረ ሴትዮ፣ እንግዳ ናት እኮ!»

«የምን እንግዳ!» ብለው ዞሩባቸው። «እንግዳ ብርድ ልብስ ያስገባል? እንግዳ ያንተን ቋሊማ ተሸክሞ ይሮጣል? እንግዳ ይቀመጣል! ይቺ መቼ አርፋ ተቀመጠች? አንተ ነህ የተቀመጥከው፣ አንተ እንቅልፋም!»

ምንትዋብ አለቀሰች። አፍራ ነው፣ ስለ ወፏም አዝና ነው። ግን እያለቀሰች ጥርሷ ወጣ፣ ልትመልሰው ብትል እንቢ አላት።

«ትስቃለች ደግሞ!» አሉ እትዬ ፑ። «ነይ ወዲህ። ዱቄት አምጪ። ሩጪ!»

ዱቄት ነሰነሱበት፣ ስቡን መጠጠ። አራገፉ፣ ደግመው ነሰነሱ። ልብሱን ከጥጡ ፈትተው፣ አጥበው፣ በማሞቂያ አድርቀው መልሰው ሲሰፉ ምንትዋብ ክር ያዥ ነበረች፣ ክሩን ባጠላለፈች ቁጥር እትዬ ፑ እጇን በመርፌ ቂጥ ይመቷታል። ወፏ ሆድ ላይ የጥፍር ያክል ጥላ ቀረ። እትዬ ፑ በመብራት አገላብጠው አዩት።

«በእግር በኩል ይሁን» አሉ። «እንዲያውም ባሏ ሲርበው ያሸተዋል።»

ሰርጉ ላይ ምንትዋብ የክት ቀሚሷን ለብሳ ሄዳ አንድ ወንበር ላይ ቁጭ ከማለቷ ከኋላ በእትዬ ፑ ጡጫ ተመታች። «ምን ያስቀምጥሻል? ያ ሁሉ ሰው ደረቅ አፉን ተቀምጦ! ያዢ!» የሱፍ ፍሬና ከረሜላ የሞላ ትሪ እቅፏ ውስጥ ወደቀ። እስኪመሽ በእግሯ ቆማ ዋለች። ተረከዟ ቆሰለ። ፎቶዋን ያየች እናቷ «ምነው እንዲህ ደስ አለሽ፣ አንቺ ነሽ እንዴ የተዳርሽው?» አለቻት።

ከዚያ ያአን እንደ ልማዱ ዘነበ፣ ዘነበ፣ ዘነበና አንድ ጠዋት ተወው።

የምንትዋብ በር በቡጢ ተደበደበ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ወደቀ።

«ሚንሚን! ሞተሻል እንዴ? ፀሐይ ወጣች!»

ብርድ ልብሷን ተሸክማ፣ አይኗን ሳትጠርግ ወረደች። እንደ ልማዷ ወደ ትይዩ ብረቶቹ ስትሄድ ዘንጉ ደረቷ ላይ ቆመ።

«ወዴት ወዴት? አራስ ነሽ? ቁርጥማት አለብሽ? ጎረምሳ አይደለሽ እንዴ፣ ዳር!»

ዳር ማለት የውሃ ቱቦው ሥር ነው። ከጋሽ ሉኦ አጠገብ። ቋሊማው ተደርድሯል፣ በርበሬው ይሸታል፣ ፀሐይዋ ጥጉን ብቅ ብላ አይታው ልትመለስ እየተዘጋጀች ነው። ከግቢው ሁሉ የመጨረሻው ቦታ ነው። አመሰግናለሁ ልትል አፏን ከፈተች፣ ከዚያ አሰበችበትና ተወችው።

«እትዬ ፑ፣ ይሄ እኮ ጥላ ነው!»

«ደምሽ ያሙቀው!»

«ይሸታል!»

«ብርድ ልብስሽ ድሮ ደግሞ ምን ይሸት ነበር? ዝም ብለሽ አስጪ!»

ምንትዋብ እያጉረመረመች ብርድ ልብሷን ሰቀለች። ግማሹ ጥላ ላይ ቀረ። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ የቋሊማውን ዘንግ በትከሻዋ ገፋ አደረገችው፣ ድምፅዋንም ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ለቀቀችው።

«ጋሽ ሉኦ፣ ጠጋ ይበሉ! ጠጋ ጠጋ! ፀሐይ ለሁሉም ትበቃለች!»